በግድ የፈኩ ጽጌረዳዎች

ሀዋሳ ገና ግራሯ ተመንጥሮ መንገዷ በገመድ ሲለካ መሬት ከተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች አንዱ ሃምሳ አለቃ ወልደጻድቅ ነበሩ። ከመንዝ ሚስታቸውንና አንዲት ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሰውየው በጦር ሜዳ ጀግና ነበሩ ይባላል፤ ቤታቸው ውስጥ ግን ቀበቷቸው ከወገባቸው ይልቅ እጃቸው ላይ የሚውልበት ቀን ይበዛ ነበር። ልጃቸው እህተማርያም ዱላን የለመደችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። አባቷ ከውጭ ሲመጡ ንዴታቸውን በኮቴያቸው ታውቃለች። ኮቴው ካላማራት ጓሮ ዞራ እናቷ የተከለቻቸው ጽጌረዳዎች መሃል ትገባለች። እሾሁን ፈርተው እዚያ ድረስ አይከተሏትም ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላት እናቷ ወንድ ልጅ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጁን ጉልላት አሉት። እህተማርያም በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። አባቷ ቀበቶ ሲያነሱ ልጁን ከሥሯ አድርጋ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሃምሳ አለቃ በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ ጀርባዋ ላይ የቀረው ጠባሳ የወንድሟ ድርሻ ጭምር ነበር። ለትዳር የጠየቋት ሰዎች ነበሩ፤ ልጁን ለማን ትቼ እያለች መለሰቻቸው።

እንጀራዋን ያገኘችው ከአበባ ነው። ሐይቁ ዳር አንዲት ግሪካዊት የሚያስተዳድሩት ሆቴል ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ማዳም ይላቸዋል። እህተማርያም ከጓሮዋ ጽጌረዳ እየቆረጠች ስትሸጥላቸው ቆይታ በኋላ ቀጠሯት፤ ሙያውንም አስተማሯት። የተቆረጠ እምቡጥ ቤት ውስጥ እንዲፈካ ዘንጉ ውሃ ውስጥ እንዳለ በሰያፍ ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ይነሳለታል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ጥቂት ስኳርና የሎሚ ጠብታ ይጨመርበታል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ከላዩ እርጥብ አንሶላ ይጋረዳል። አንገቱን የደፋ ካለ የዘንጉ ጫፍ የፈላ ውሃ ውስጥ ላፍታ ገብቶ ይወጣል፤ ቀና ይላል። ቀይ ቀለሙን በጥቂቱ ያሳየ እምቡጥ በሁለት ወይ በሦስት ቀን ይከፈታል። አረንጓዴ ሽፋኑ ገና ጥርቅም ያለ ከሆነ ግን ምንም ቢደረግለት አይከፈትም፤ እንደ ተዘጋ ይበሰብሳል። ማዳም ይህንን ደጋግመው ነግረዋታል።

በዚያን ጊዜ መደቦቹን ውሃ የሚያጠጣ ባህሩ የሚባል ልጅ ነበር። እትዬ እህተማርያም ይላታል፣ ባልዲ ይሸከምላታል። አንድ በጋ ላይ ሁለት ቀን ጠፍቶ አንድ ሙሉ መደብ ደረቀ። ማዳም ማን ነው ብለው ሲጠይቁ እህተማርያም የሆነውን ተናገረች። ሥራ አስኪያጁ ባህሩን ሠራተኛው በተሰበሰበበት በጥፊ መታው። ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እትዬ ብሏት አያውቅም።

አብዮቱ መጣ። ሆቴሉ ተወረሰ፣ ማዳም ሁለት ሻንጣ ይዘው ሄዱ። እህተማርያም በሥራዋ ላይ ቀረች። በሰባ ዓመተ ምሕረት ባህሩ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለው። የቀበሌው እስር ቤት ጠቦ ስለነበር የሆቴሉን አሮጌ መጋዘን ወስዶ እስረኛ ማጎሪያ አደረገው። መጋዘኑ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። በየጠዋቱ መንገድ ላይ ሬሳ የሚገኝበት ወቅት ነበር። የሞተበት ሰው ማልቀስ አይፈቀድለትም፤ ያለቀሰ ራሱ ይጠየቃል።

ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ቀን በረዶ ጣለ። ባቄላ እያከለ ወርዶ የከተማውን አበባ በሩብ ሰዓት ጨረሰው። የተከፈተ ጽጌረዳ አንድም አልቀረም፤ የተረፈው እምቡጥ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን የላብ አደሮች በዓል ሊከበር፣ ከአዲስ አበባም ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው። መድረኩ በቀይ ጽጌረዳ እንዲሸፈን ታዝዟል።

በማግስቱ ማለዳ አብዮት ጠባቂዎች የእህተማርያምን በር በሰደፍ ሰብረው ገቡ። ጉልላት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ትምህርት ቤት አጠገብ ወረቀት ተበትኖ ነበርና አንድ የክፍል ጓደኛው ሲገረፍ ስሙን ጠርቷል። ልጁን ከአልጋው በፀጉሩ ጎትተው አወጡት። እህተማርያም እንደ ልጅነቷ ላዩ ላይ ተደፋች። በጫማ ጎኗን መቷት፣ አንዱ እጇን ረግጦ ያዛት፣ ልጁን ወሰዱት። ሸሚዝ እንኳ አላስለበሱትም።

እያነከሰች ሆቴል ስትደርስ ባህሩ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ሁለት መቶ ቀይ ጽጌረዳ እፈልጋለሁ አላት፤ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት ጠዋት የፈካ። እሷ ወንድሜን አለች። እሱ ስለ አበባው ነው የማወራሽ አላት። እምቡጡ ሁሉ እንደማይከፈት፣ ቀይ ያላሳየው በምንም እንደማይሆን ልታስረዳው ሞከረች፤ ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ሰው ነውና ያውቀዋል ብላ። ባህሩ ያውቀው ነበር።

«ካልተከፈተ አሻጥር ነው» አላት። «አሻጥር የሠራ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከተከፈተ ግን ወንድምሽ በዓሉን ቤቱ ያከብራል።»

እህተማርያም ሌላ የምትይዘው አልነበራትም፤ ይህንን ቃል ያዘች። ከሆቴሉ መደቦች፣ ከራሷ ጓሮ፣ ከሰው አጥር ሳይቀር ከሦስት መቶ በላይ እምቡጥ ቆረጠች። የልብስ ማጠቢያው ክፍል የውሃ ማሞቂያ ስላለበት ሞቃት ነው። ባልዲውን፣ በርሜሉን፣ የወጥ ቤቱን ድስት ሁሉ እዚያ ደረደረች፤ በገመዱም ላይ እርጥብ አንሶላ ዘረጋች። እሾሁ እጇን ቦጫጭሮት ውሃው በያንዳንዱ ባልዲ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከግድግዳው ማዶ ግርፋቱ ተጀመረ። መጀመሪያ የተሰማት የመግረፊያው ገመድ ድምፅ ነው፤ እያፏጨ ይመጣና በሥጋ ላይ ይቆማል። ከዚያ ጩኸት። የመጀመሪያው የማታውቀው ሰው ነበር፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ገና ሲተነፍስ አወቀችው፤ ትኩሳት ሲይዘው ሌሊቱን ስታዳምጠው ያደገ ትንፋሽ ነው። ጉልላት አልጮኸም። እሷ ግን ካልጮኸ አብልጠው እንደሚመቱት ከአባቷ ታውቃለች፤ ግድግዳው ላይ ግንባሯን አስጠግታ ጩህ፣ ጩህልኝ እያለች ለመነችው። በመጨረሻ ጮኸ። ተመልሳ የባልዲዎቹን ውሃ በጣቷ ለካች፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ለወጠችው።

ስኳር ግን አልነበራትም። ስኳር በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የሚሰጥ፣ ያውም ካለቀ ወር የሆነው ነገር ነው። ወደ ጋሽ ኑሪ ሄደች። ጋሽ ኑሪ ከስልጤ መጥተው ሀዋሳ ሃያ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው ተመናምኖ ሳሙናና ክብሪት ብቻ ቀርቶት ነበር። ለልጆቻቸው ሻይ ያስቀመጡት ሦስት ኪሎ ስኳር ቤት ውስጥ እንዳላቸው ታውቃለች። ለምን እንደፈለገችው ነገረቻቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ሰዒዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ለአበባ ነው ወይ ሲሉ ተሰማት። ጋሽ ኑሪ ለልጁ ነው ብለው መለሱላቸው፤ ሁለቱን ኪሎ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጧት። ከየት አመጣሽው ቢሉሽ ድሮ ከሆቴሉ የተረፈ ነው በይ አሏት፤ እሺ አለች።

በማግስቱ እምቡጦቹ መላላት ጀመሩ። ባህሩ ከመጋዘኑ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ እያጠመቀው መጣ፤ ክንዱ ላይ የሌላ ሰው ደም ተረጭቷል። በባልዲዎቹ መሃል እየዞረ ሲያይ ጋዜጣውን አገኘው። ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ቀመሰ።

ስኳሩን ማን ሰጠሽ አላት። ከሆቴሉ የተረፈ ነው አለችው። የሆቴሉን መጋዘን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ አለና በሽጉጡ እጀታ አፏን መታት። ሁለት ጥርሷ ወለቀ። ደገማት። ደሟን እየዋጠች ከሆቴሉ ነው አለች። ከዚያ በላይ አልመታትም፤ ወደ በሩ ዞሮ አምጡት አለ።

ጉልላትን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ውስጥ እግሩ ተልጦ ፈንድቶ ስለነበር መቆም አይችልም፤ የአንሶላው ገመድ ሥር ጣሉት። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል። ባህሩ የሽጉጡን አፍ ጆሮው ላይ አኖረና ወደ እሷ ሳያይ ጠየቃት፤

«ማን ሰጠሽ?»

ጉልላት «እትዬ፣ እንዳትናገሪ» አላት። የማንን ስም እንደምትደብቅ አያውቅም፤ ግን እንዳትናገር ፈለገ።

ባህሩ ሽጉጡን አቀባበለ። የብረቱን ድምፅ ስትሰማ «ጋሽ ኑሪ» አለች።

ጋሽ ኑሪን ወዲያው ከሱቃቸው አመጧቸው። ስኳር በመደበቅ ሕዝብን ያስራቡ ናቸው ተብሎ የሆቴሉ ሠራተኛና አላፊ አግዳሚው ግቢ እንዲወጣ ታዘዘ። እህተማርያምንም አወጧት። ልብሳቸውን አስወልቀው በደረታቸው አስተኟቸውና በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፏቸው። ሰውየው አላህን ብቻ ይጠሩ ነበር። በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በሰደፍ መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር አጥሩ ድረስ ተሰማ። ወይዘሮ ሰዒዳ በሩ ላይ ተይዘው ቆመው ነበር። ባላቸውን አላዩም ያን ጊዜ፤ እህተማርያምን ነበር የሚያዩት።

እሷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሌላ መሄጃ አልነበራትም። አንገት የደፉትን እየለየች ዘንጋቸውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ አንሶላውን አረጠበች፣ የጠበቀውን እምቡጥ በትንፋሿ አሞቀች። ሃያ ሁለት ቀን ከሰዓት መከፈት ጀመሩ። ሲመሽ መቶ ሰማንያው ፈክቶ ክፍሉ ቀይ ሆነ። የቀሩት አልሆኑም፤ እንደ ተዘጉ ጠቁረው ረገፉ። መቶ ሰማንያ ይበቃ እንደሆነ ባህሩን አስጠየቀች። ይበቃል የሚል መልስ መጣላት። ግድግዳውን አንኳኩታ ይበቃል ብሏል አለችው ለጉልላት። ከማዶ ማንም አልመለሰላትም፤ ተኝቷል አለች ለራሷ።

ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት ባልዲዎቹን ፒካፕ መኪና ላይ ጫኑ። ባህሩ አዲስ ካኪ ለብሶ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። እህተማርያም መቀሷን ይዛ ከኋላ ከአበባው ጋር ወጣች፤ መድረኩ ጋ ሲደርሱ ዘንጉን ልትከረክም ነው። ወንድሟን ሲያወጣው ልታለብሰው ሸሚዝ በጉያዋ ይዛ ነበር። መኪናው ወደ አደባባዩ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ትንሽ እንደሄደ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሰው ከመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ድምፅ የለም። አምስት ሬሳ በጀርባው ተንጋሎ ተደርድሯል። የያንዳንዱ ደረት ላይ ካርቶን ተደርጎ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚል ተጽፎበታል። ሁለተኛው ሸሚዝ አልለበሰም።

አልጮኸችም። የመኪናውን ጣራ በእጇ መታች። ሾፌሩ አንድ ነገር የወደቀ መስሎት አቆመ። ባህሩ ምን ሆነሻል ብሎ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ከላይ ዘለለችበት። ሁለቱም መሬት ወደቁ። መቀሱ መጀመሪያ ጉንጩን ቀደደው፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትሰነዝር ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን አንገቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ጠባቂዎቹ ደረሱ። በሰደፍ ክንዷን ሰበሩት፣ ጭንቅላቷን መቱት፤ መቀሱን ግን ጣቷን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው የወሰዱት። አንዱ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሌላው እንግዳው ከተማ ገብቷል፣ ዛሬ ጥይት እንዳይሰማ ተብሏል ብሎ ያዘው። ነፍሷ የተረፈችው በዚህ ነው። አበባው ሄደ። በኋላ እንደሰማችው መድረኩ በጣም አምሮ ነበር።

ስድስት ዓመት ታሰረች። የመጀመሪያውን ወር ራሷን ስትስት ስትነቃ አሳለፈችው። ክንዷ ያለ ወጌሻ ስለጠገገ ተጣመመ። ስለ ባህሩ የሰማችው እስር ቤት ሆና ነው። አንድ ዓይኑን አጥቶ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ከታሰሩ ሰዎች የወሰደውን ወርቅ አላካፈለንም ያሉ የገዛ ጓዶቹ አሰሩት፤ ያው መጋዘን ውስጥ ገርፈው ገደሉት። ወሬውን ያመጣችው ሴት ደስ ይላታል ብላ ነበር። እህተማርያም ግን ግንባሯን ያስጠጋችበትን ግድግዳ አስባ በዚያ በኩል እርጥብ ነው ብቻ አለች።

በሰባ ስድስት ስትፈታ የአባቷን ቤት ሌላ ሰው ይዞት አገኘች። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ቀን ቀን ዓሣ ስትገፍፍ ትውላለች። ክፍሏ ውስጥ ግን ከሰው ግቢ እየለመነች የምታመጣቸው እምቡጦች በጣሳ መቆም ጀመሩ፤ ሰርግ ያለበት ሰው ሰምቶ ይመጣ ጀመር።

ከወር በኋላ ጋሽ ኑሪ ሱቅ ሄደች። ሸምግለዋል። ቀኝ እጃቸው አይጨበጥም፤ ሚዛኑን በግራ ይይዛሉ። ፊት ለፊታቸው ቆማ ብዙ ቀን ያሰበችውን ሁሉ ትታ ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ኑሪ። «ሲያመጡኝ ባህሩ ራሱ ነገረኝ። እንድጠላሽ ፈልጎ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ገዢ መጣ፣ ክብሪት ሰጥተው ሸኙት።

«ልጁን ሊገድሉት እንደሆነ ባውቅ ስኳሩን አልሰጥሽም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ይለቁት ይሆናል ብዬ ነው የሰጠሁሽ። እጄን ሳየው አንቺን አላስብም፤ ያንን ልጅ ነው የማስበው። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ሻይ አስመጡላት፤ ያመጣችው ልጃቸው ነበረች። ወይዘሮ ሰዒዳ መጋረጃውን ገልጠው አዩአትና መልሰው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ እህተማርያም በየሁለት ሳምንቱ ዓሣ ገፍፋ ትወስድላቸዋለች። ወይዘሮ ሰዒዳ ዓሣውን ይሠሩታል፤ ለሷ ግን እንደምን ዋልሽ ብለዋት አያውቁም። በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ሲያገኟት መንገድ ይቀይሩ ነበር። ይህ ከአራት ዓመት በላይ እንዲሁ ሄደ።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ጋሽ ኑሪ ሶላት ላይ እንዳሉ ወደቁ። በዚያው ቀን ተቀበሩ። እህተማርያም ወሬውን ስትሰማ እጇ የዓሣ ቅርፊት ነበር፤ ታጠበች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ሄደች። በሩ ላይ ግን ቆመች። ውስጡ በሴቶች ተሞልቷል፤ ማን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ልትመለስ ዞር አለች።

ወይዘሮ ሰዒዳ ምንጣፉ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ፤ አጠገባቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ። እህተማርያም ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች፤ እዚያ ተቀመጠች። ለወንድሟ ያልተፈቀደላትን ለቅሶ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።